የእማማ ደጅይጥኑ በርጩማ

አምቦ ውስጥ፣ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ባለው ሰፈር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ጠዋት ተነሥተው ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ በርጩማቸውን ከደጅ ያወጣሉ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ መልሰው ያስገባሉ። በርጩማው ከወጣ ባለቤቱ በሰላም አድሯል ማለት ነው። ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ በርጩማ ያልወጣበት ቤት ካለ፣ ቅርብ ያለ ጎረቤት ሄዶ ያንኳኳል።

ይህን ያመጣው እድሩ ነው። አንድ ክረምት አንድ ጡረተኛ በራቸውን ከውስጥ እንደ ቀረቀሩ ሞቱ። ዝናቡ ሰውን ሁሉ ከየቤቱ አስገብቶት ነበርና ማንም ሳያውቅ ሰነበተ። ሲቀበሩ ግን ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ድስቱም ሙሉ ነበር። ያን ዕለት የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ተድላ፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሰው፣ ከወንበራቸው ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ "ለሬሳ ድንኳን እንተክላለን። ለቋሚ ግን በር አናንኳኳም።" የበርጩማው ደንብ ያን ዕለት ወጣ።

ከበርጩማው ደንብ ጋር አንዲት ሴት ተቀጠረች። ሃዋኒ ትባላለች።

ሃዋኒ ከአምቦ ራቅ ያለችው የካቺሲ ልጅ ናት። አርባን ተሻግራለች፤ አግብታ ፈታለች፤ ልጅ የላትም። ከጤና ጣቢያ አጭር ሥልጠና ወስዳለች እንጂ ሥራውን የተማረችው ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ነው። እግር ታጥባለች፤ ጥፍር ትቆርጣለች፤ የሽንት ዕቃ ትደፋለች፤ የረጠበ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ አልጋ የያዘውን ጎኑ እንዳይቆስል ታገላብጣለች። ከአንዱ ጋር ኦሮምኛ፣ ከሌላው ጋር አማርኛ፣ ከአንዳንዱ ጋር ሁለቱን ቀላቅላ ታወራለች። ማንንም ከመንካቷ በፊት ግን እጇን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ታሞቃለች። "ቀዝቃዛ እጅ ቋሚውን ሬሳ ያስመስለዋል" የምትል እናት ነበረቻት።

እናቷ የሞተችው መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ነው። ሃዋኒ አምቦ ሆና የሰው እናት ስታጥብ፣ የራሷ እናት ካቺሲ ብቻዋን ነበረች። "ደክማለች፣ ድረሺ" ተብሎ ተደወለ። ስትደርስ የጠበቃት እርጥብ አፈር ነው። በአፈሩ ላይ እጇን አሳርፋ ብዙ ቆየች፤ አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ተመልሳ መጣችና ሥራዋን ቀጠለች። ሰው ሲያያት ደህና ትመስል ነበር።

ከምትጠብቃቸው ሁሉ የሚያስቸግሯትም የምትወዳቸውም እማማ ደጅይጥኑ ነበሩ። ሰማንያን ያለፉ፣ አጥንታቸው የቀለለ፣ ምላሳቸው ያልቀለለ ሴት። ባላቸው አቶ እንግዳወርቅ በሕይወት ሳሉ እህል በረንዳ ሚዛን ይመዝኑ ነበር። አንድ የወለዱትን ልጅም ቀብረዋል። የቀራቸው ስኳር በሽታ፣ ትንሽ የጎመን መደብ፣ የባላቸው ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማ ነው።

"አንቺ ጴንጤ፣ ውሃውን በእሳት አሙቀሽዋል ወይስ በጸሎት?"

"በእሳት ነው እማማ። እግርዎን ይስጡኝ።"

"ውስጥ እግሬን እንዳትነኪ!"

"ሳልነካ እንዴት ይጠባል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሥራሽ ነው።"

ውስጥ እግራቸው ሲነካ እንደ ሕፃን ይኮረኮራሉ። እጇ ገና ሲቀርብ የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ወደ ላይ ይቀሰራል፤ ከዚያ ሳቃቸው ይመጣል፤ ከሳቁ በኋላ ስድቡ። ስኳር የብዙ ሽማግሌዎችን እግር አደንዝዟል፤ የእሳቸው ግን እምቢ ብሏል። ሃዋኒ በዚያች ጣት ደስ ይላት ነበር።

በ2011 ሆሳዕና እሑድ እማማ ደጅይጥኑ ከቤተ ክርስቲያን ዘንባባቸውን በግንባራቸው አስረው ተመለሱ። ሃዋኒ በማግስቱ ስትመጣ በጣም ፈክተው አገኘቻቸው።

"ፍትሐት ተፈታልኝ" አሏት። "በሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ ሆሳዕና ለሁላችንም አስቀድሞ ይፈታል። እንግዲህ ብሞትም ጣጣ የለብኝ።"

"ሐሙስ ከጉደር እስክመለስ ይጠብቁኝ። የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አለብን።"

"እናንተ ጾም የላችሁም፤ ጉባኤ ግን አታጡም።"

ሃዋኒ የስኳሩን ኪኒን አንሥታ አሳየቻቸው። "ይህንን የሚውጡት ምግብ በልተው ነው። ካልበሉ አይዋጡ። ሰማሁ ይበሉኝ።"

"እሺ አልኩሽ።"

ያ "እሺ" በር የመዝጋት ያህል ነበር። ሃዋኒ አውቃዋለች፤ ሆኖም ሄደች።

እማማ ደጅይጥኑ የሠሩት ሥራ በእሳቸው ሚዛን ትክክል ነበር። ኪኒን መዋጥ ጾም አይገድፍም፤ ምግብ ይገድፋል። ሐኪም ያዘዘውንም፣ እግዚአብሔር ያዘዘውንም ላለማስቀየም በየጠዋቱ ኪኒኑን ይውጣሉ፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሲሰግዱ ይውላሉ። ማታም የሚቀምሱት ከቁራሽ አያልፍም።

ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት በርጩማው አልወጣም።

ጎረቤታቸው መቲ አንኳኳች። ደጋግማ አንኳኳች። በመስኮቱ ስንጥቅ አየች፤ አሮጊቷ በጀርባቸው ተንጋለዋል፣ አፋቸው ተከፍቷል። ጩኸቷን የሰሙ ሰዎች መቀርቀሪያውን ሰብረው ገቡ። አንዱ ሽማግሌ ግንባራቸውን በእጁ ነካ፤ እርጥብ ነው፣ እንደ ድንጋይም ቀዝቅዟል። "በርደዋል" አለ። በቃ። ማንም ዳግመኛ አልነካቸውም።

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ኦቦ ቱፋ የቆየ ልማድ አላቸው። የሟቹን ፊት በዓይናቸው ሳያዩ ጡሩምባ ከአፋቸው አያደርሱም። ያን ዕለት ግን ማግስቱ ስቅለት ነው፤ በስቅለት መቅበር የሚፈልግ የለም፤ መቃብር ቆፋሪው መጠራት፣ ሰው መድረስ አለበት። "ፍጠን ቱፋ፣ ቀኑ ሄደ" አሏቸው። ከአጥሩ ውጭ እንደ ቆሙ የመቲን ለቅሶ ሰሙ፤ ጡሩምባቸውን ነፍተው ቁልቁል ወደ ወንዙ ድልድይ ወረዱ። በየመታጠፊያው ቆመው መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ለፈፉ፦ "ወይዘሮ ደጅይጥኑ አርፈዋል! ቀብር ዛሬ ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!"

ሃዋኒ ከጉደር የመጣችው በእግሯ ነው፤ መንገዱ እንደገና ተዘግቶ ነበር። ሰፈሩ ስትደርስ የድንኳን ካስማ ሲመታ ሰማች። ማን እንደ ሆነ አልጠየቀችም። መቲ ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"ለማጠቡ አንቺን ነው የጠበቅነው" አለቻት መቲ። "ገላቸውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሌላ እጅ ቢነካቸው እንኳን ሞተው ተነሥተው ይሳደባሉ አልን።"

ሃዋኒ ገባች። ሴቶቹ ውሃ አቅርበውላት ወደ ጥግ ቆሙ። ከውጭ ለቅሶው ይሰማል። እንደ ልማዷ እጇን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረች፤ አንዷ ሴት "አሁን ምን ያደርግላቸዋል?" አለች ቀስ ብላ። ሃዋኒ እጇ እስኪሞቅ ጠበቀች። ከላይ መጀመር ሲገባት ከእግር ጀመረች። የቀኝ እግራቸውን አንሥታ ውስጥ እግራቸውን በሞቀ መዳፏ ዳሰሰችው።

አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ተቀሰረ።

ሃዋኒ ለአፍታ ራሷን አላመነችም። ደግማ ዳሰሰች። ያቺ ጣት ደግማ ተቀሰረች። ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት ከለቅሶው ሁሉ በላይ ወጣና ለቅሶውን ቀጥ አደረገው፦ "ስኳር! ስኳር አምጡ!"

ስኳር በውሃ በጥብጣ በጣቷ ድዳቸው ላይ አሸችው፤ ማርም መጣ፤ ማሩንም አሸችው። አሮጊቷን በአንሶላ ጠቅልለው በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ሲያወጧቸው፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። መንገድ የለቀቀላቸው እንጂ የተጠጋቸው አልነበረም።

ነቅተው መናገር ሲችሉ መጀመሪያ ያሉት ይህን ነው፦ "ጎመኔ ላይ ድንኳን የተከለ ማነው?"

ሰው ሳቀ። የሳቀው ግን ሐኪም ቤት ነው። ሰፈር ሲመለሱ ሳቅ አልነበረም።

በሕማማት ሰው ለሰው ሰላምታ አይሰጥም፤ አይሳሳምም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም "እንኳን ተረፉ" ብሎ ባለመምጣቱ እማማ ደጅይጥኑ አልተገረሙም። ፋሲካ አለፈ። ዳግም ትንሣኤም አለፈ። ያኔም አልመጡም። ልጆች በበራቸው ሲያልፉ ይሮጣሉ። ለለቅሶው ንፍሮ የቀቀለችው ሴት ድስቷን ከግቢያቸው ልትወስድ አልመጣችም። ጥፋቱ ደግሞ የሰዉ ብቻ አልነበረም። አሮጊቷ ተኝተው ሳለ ሁሉን ሰምተዋል፤ የሰሙትንም ተናገሩ።

"ካስማው ሲመታ እሰማ ነበር" አሏት ሃዋኒን። "ልናገር አፌ ከየት ይምጣ። ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንዳላለቀሰ አውቃለሁ። መቲ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ያቺ ከላይ ያለችው ጎረቤታችን ግን 'ወይኔ እናቴ' እያለች በመሐል 'ውሃው አልፈላም እንዴ?' ትላለች።"

ወሬው በሰፈሩ ዞረ። በራሷ ለቅሶ ላይ የነበረችን ሴት ዓይን ለማየት የሚደፍር ጠፋ።

ከዚያም በርጩማው ነበር። እማማ ደጅይጥኑ በርጩማቸውን ማውጣት ተዉ።

"ፍትሐቴ ተፈቷል፤ ስሜ ተለፍፏል፤ ተለቅሶልኛል። የቀረኝ አፈር ብቻ ነው። የተለፈፈ ሰው በርጩማ አያወጣም ልጄ።"

"ቆመው እያወሩኝ?"

"አወራለሁ። ግን ወዲህም አይደለሁም፣ ወዲያም አይደለሁም። እንግዳወርቅ ሊቀበለኝ ወጥቶ ይሆናል፤ ጠብቆ ጠብቆ ተመልሶ ይሆናል። አሁን ሁለተኛ ብሄድ ማን ይወጣልኛል?"

መብላትም ቀነሱ። አጥሚቱን ታቀርባለች፤ ጽዋውን በእጃቸው እንደ ያዙት ይቀዘቅዛል። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ጡሩምባ ይሰማቸዋል። "ዛሬም ነፉ?" ይሏታል ገና ስትገባ። "ማንም አልነፋም እማማ።" "ነፍተዋል፤ ስሜን ነው የጠሩት።" በየሳምንቱ ቀሚሳቸው ይሰፋባቸዋል። ሃዋኒ በመጣችበት ቀን በርጩማውን እሷው ታወጣለች፤ ባልመጣችበት ቀን ግን ደጁ ባዶ ነው፤ ጎረቤትም ማንኳኳቱን ፈርቶታል። አሮጊቷ ከሞት ተርፈው በሰው አፍ ሊሞቱ ነው ብላ ሃዋኒ ደነገጠች።

እሷም ራሷ ደህና አልነበረችም። ያቺ የተቀሰረች ጣት አንድ ነገር ቀስቅሳባታለች። አንድ ቀን እግራቸውን እያጠበች ሳለ እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ።

"ምነው? ቀዘቀዘ እኮ" አሉ እማማ ደጅይጥኑ።

"እማማ፣ እናቴንም እንደዚሁ በስንጥቅ ነው ያዩዋት" አለች ሃዋኒ። "አንድ ሰው ግንባሯን ነክቶ 'በርዳለች' አለ። ከሰዓት ቀበሯት። እኔ አልነካኋትም።" እጇን ከውሃው አወጣች። "በደንብ አይተዋት ይሆን?"

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ቀልድ የለም፤ ስድብ የለም።

"ማን አጠባት?"

"አክስቴ ሲንቄ። የእናቴ ታናሽ።"

"ብቻዋን?"

"ብቻዋን። ሌላ ሰው አላስነካም ብላ።"

"እንግዲያው አይተዋታል። ዓይን ይሳሳታል፤ ግንባር የነካ መዳፍም ይሳሳታል። የእኔም ግንባር ዋሽቷል። ከራስ እስከ እግር ያጠበ የእህት እጅ ግን አይሳሳትም። አንቺ የእኔ ምኔም አይደለሽ፤ ሆኖም አልተሳሳትሽም።" ከዚያ እግራቸውን ወደ መዳፏ ገፋ አደረጉላት። "በይ ጨርሺ፤ በረደኝ።"

ሃዋኒ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ አለቀሰች። ጥያቄው ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ግን ከደረቷ ወርዶ ከጎኗ መሄድ ጀመረ።

የሚቀጥለው እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ያልተለመደ ነገር አደረገች። ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ቆመች።

"የተለፈፈው ይመለስልኝ" አለች። "ኦቦ ቱፋ ዞረው 'አሉ' ይበሉልን። አለዚያ እማማ በቁማቸው ሊያልቁ ነው።"

ጉርምርምታ ሆነ። "ጡሩምባው የሞት ነው" አለ አንዱ፤ "ለቋሚ ከተነፋ ነገ ለሠርግም፣ ለልደትም ንፉልን ይሉናል።" ሌላው "በጉንፋን የተኛ ሁሉ 'ተሻለው' ይባልለት በለና!" አለ። ሰው ሳቀ። አቶ ተድላ አልሳቁም፤ "ደንቡ ውስጥ የለም" ብለው ወደ ኦቦ ቱፋ ዞሩ። ኦቦ ቱፋ ጡሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አፉን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ። "ይህ ነገር ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይነፋም" አሉና ተነሥተው ሄዱ። ሃዋኒ ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት ሃዋኒ የእማማ ደጅይጥኑን ፀጉር እያበጠረች ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ኦቦ ቱፋ ናቸው። በትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገታቸውን ደፍተዋል። ጡሩምባው በብብታቸው ነው።

እማማ ደጅይጥኑ ከአልጋቸው ሆነው ተመለከቷቸው። "ቱፋ፣ ያን ድንጋይ አውርደው። አንገትህ ቀጭን ነው። ቢሰበር ለአንተ ማን ይለፍፍልሃል?"

"ይቅር ብያለሁ ካላሉኝ አላወርድም አኮ" አሉ ኦቦ ቱፋ፤ አኮ ማለት አያት ነው። "ሳላይ ነፋሁ። አባቴ 'ሳታይ አትንፋ' ብሎ ነው ጡሩምባውን የሰጠኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እርስዎ የሚሰሙትን እኔም እሰማዋለሁ።"

"ትሰማዋለህ?"

"ጎህ ሲቀድ። ጡሩምባው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ።"

ሃዋኒ ማበጠሯን አቆመች። አሮጊቷ ኦቦ ቱፋን እንደ አዲስ አዩዋቸው፤ አንድ መንገድ ላይ የጠፉ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ እንደሚተያዩት።

"የነፋኸውን መልሰህ መዋጥ ትችላለህ?"

"አልችልም። ግን በሄድኩበት መንገድ መመለስ እችላለሁ።"

ድንጋዩን ከደጃፉ አወረዱ። ጡሩምባውን አልጋው ጫፍ ላይ፣ በአሮጊቷ እጅ አጠገብ አስቀመጡት። ባዶ እጃቸውን ወጥተው ቁልቁል ወደ ድልድዩ ወረዱ። ያን ሐሙስ ልፈፋውን የጨረሱት ድልድዩ ጋ ነበር፤ አሁን ከዚያው ጀመሩ። በየመታጠፊያው ቆመው፣ ያለ ጡሩምባ፣ በተሰነጠቀ ድምፃቸው ጮኹ፦ "አዴ ደጅይጥኑ ጂሩ! ወይዘሮ ደጅይጥኑ አሉ! ሳላይ የለፈፍኩት እኔ ነኝ! አሉ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!"

መጀመሪያ ድምፁ ከሩቅ ነበር። ያን ሐሙስ፣ አፋቸው ተይዞ ሳለ፣ እማማ ደጅይጥኑ ስማቸው ከቤታቸው ተነሥቶ እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ ወንዙ ጋ ሲጠፋ ሰምተው ነበር። አሁን ከወንዙ ተነሥቶ እየቀረበ መጣ። በወፍጮ ቤቱ በኩል፤ በትምህርት ቤቱ አጥር፤ በመቲ ደጅ። ስማቸው ወደ ቤቱ ሲገባ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው አዳመጡት። ሃዋኒ ልትደግፋቸው ስትነሣ እጇን ገፉት። በርጩማውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ሦስቱን እግሮቹን እያንገጫገጩ፣ አውጥተው ከደጃፉ አስቀመጡትና ተቀመጡበት።

መቲ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ታያለች።

"እንደምን አደሩ እማማ?" አለች በመጨረሻ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺን ድስቷን የረሳች ጓደኛሽን መጥታ ትውሰድ በያት፤ እኔ አልነክሳትም።"

ኦቦ ቱፋ ተመልሰው ጡሩምባቸውን ወሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይመጣ ጀመር። ሁሉም አልመጣም፤ ግን መጣ። እማማ ደጅይጥኑ መብላት ጀመሩ፤ ጡሩምባውም አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይሰማቸውም። ሆኖም ሃዋኒን አንድ ቃል አስገቧት።

"አንቺ እግሬን ሳትነኪ ማንም እንዳይለፍፍብኝ። ማንም። ቄስም ቢሆን፣ ሐኪምም ቢሆን።"

"እሺ እማማ።"

"ይህ የእኔ እሺ ነው። የራስሽን እሺ በዪ።"

"እሺ አልኩ።"

ዓመታት አለፉ። ጉልበታቸው እየደከመ ሲሄድ አዲስ ልማድ አመጡ፤ በርጩማውን ሲመሽ ማስገባት ተዉ። ሃዋኒ ታስገባዋለች፤ ከሄደች በኋላ መልሰው ያወጡታል። "ዝናብ ይመታዋል እኮ እማማ፤ ደንቡም ይበላሻል" ስትላቸው፣ "ማስገባቱ ወገቤን ያመኛል" ይላሉ። ማውጣቱ ለምን እንደማያማቸው አልጠየቀችም። የእርጅና ነገር ነው አለች።

አንድ የመስከረም ቀን፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ማግስት፣ ሃዋኒ ከሌላ ቤት ውላ ከሰዓት በኋላ መጣች። በርጩማው ደጅ ነበር። መቲ ከጓሮዋ ሆና "ዛሬ ዝምታ አብዝተዋል፤ 'እንደምን አደሩ' ብያቸው ዝም። ተማሪዎቹም ሲያልፉ በኦሮምኛ 'አካም ቡልተኒ አኮ' እያሉ እንደምን አደሩ ይሏቸው ነበር። ኩርፊያ ይሆናል" አለቻት። ሰፈሩ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ለዚያ በርጩማ ሰላምታ ሲሰጥ ውሏል።

ሃዋኒ ወደ በርጩማው ተጠጋች። እንጨቱ በዘመን ብዛት መሐሉ ጎድጎድ ብሏል። በጎድጓዳው ውስጥ የሌሊቱ ዝናብ ውሃ ሳይነካ ተቀምጧል፤ ሰማይ ይታይበታል። ዛሬ ማንም አልተቀመጠበትም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አልጮኸችም፤ አልተጣራችም። እሳት አያይዛ ውሃ አሞቀች፤ እጇን ነክራ፣ እስኪሞቅ ድረስ ጠበቀች። ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ገለጠች። የቀኝ እግራቸውን አንሥታ ውስጥ እግራቸውን ዳሰሰችው።

ጠበቀች። እጇን መልሳ አሞቀችና ደግማ ዳሰሰች።

ያቺ ጣት ዝም አለች።

ያኔ ገባት። በርጩማውን ደጅ ያሳደሩት እሷን ለመጠበቅ ነው። በሌሊት ቢሆንባቸው፣ ጠዋት በርጩማው ደጅ ሆኖ ሰው "አሉ" ብሎ እንዲያልፍ፤ ማንም በስንጥቅ እንዳያይ፤ ማንም ግንባር ነክቶ እንዳይለፍፍ፤ የሞቀው እጅ እስኪመጣ ድረስ። የእድሩን ደንብ አጣምመው ለአንድ ቀን ተዋሱት። ሃዋኒ ለእናቷ ያልደረሰችበትን ቀን፣ እኒህ ሴት ከራሳቸው ቀን ቆርሰው የሰጧት መሰላት።

ብርድ ልብሱን መልሳ አለበሰቻቸው። ወጣች። የበርጩማውን ውሃ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ተቀመጠችበት። ከአጥሩ ወዲያ ሰው ያልፋል፤ "እንዴት ዋላችሁ?" ይላል፤ "ደህና" ትላለች።

ኦቦ ቱፋ ከእህል በረንዳ ሲመለሱ በዚያ አለፉ። በርጩማውን አዩ፤ የተቀመጠችበትን አዩ፤ ቆሙ።

"ነካሽ?"

"ነካሁ።"

ቆባቸውን አውልቀው ገቡ። በዓይናቸው አይተው ብዙ ሳይቆዩ ወጡ። እጃቸው በብብታቸው ወዳለው ጡሩምባ ሲሄድ ሃዋኒ ቀና አለች።

"ትንሽ ይቆዩ ኦቦ ቱፋ። ገና አልመሸም።"

እሳቸውም ከደጃፉ፣ አንድ ጊዜ ተሸክመውት ከመጡት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መቲ ከጓሮዋ ሆና "እማማ ተኙ እንዴ?" ብላ ስትጣራ ኦቦ ቱፋ ወደ ጀምበሯ ተመለከቱ። ጀምበር በጉደር በኩል ስታዘቀዝቅ ሃዋኒ ተነሣች፤ በርጩማውን አቅፋ ወደ ውስጥ አስገባች፤ ከአልጋው ጎን አስቀመጠችው።

ያን ጊዜ ኦቦ ቱፋ ጡሩምባቸውን አወጡ።